የሀርቫርድ ፍራሾችና የእኛ ሳሎን

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ቀድታችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ ወዳጄ ጥያቄ ነው። አዲስ አፓርታማ ገብቶ ስፒከር ሊገዛ አስቦ «የቱ ይሻለኛል?» ይለኛል። ያለህ ምን ሆነ ስለው «ዘፈኑ ይጮኻል እንጂ ቃሉ አይሰማም» አለ። ቤቱን አውቀዋለሁ። ወለሉ ጣውላ ነው፣ ግድግዳው ባዶ፣ አንዱ ጎን ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ ኩሽናው ከሳሎኑ ጋር አንድ ላይ የተከፈተ። አብዛኞቻችን የምንኖረው እንዲህ ባለው ቤት ነው። ዱባይና ዶሃ ያላችሁት ደግሞ ሴራሚክና እብነ በረድ ላይ ናችሁ። ለወዳጄ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አንድ የድሮ ታሪክ ልነግረው ጀመርኩ፤ በስልክ አላልቅ ስላለ ለሁላችሁም ልጻፈው።

ታሪኩ የሚጀምረው እኔ በየቀኑ ሰው በማመላልስበት በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ነው። በ1895 ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፎግ የተባለ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከፈተ። ሕንፃውን የነደፈው ሪቻርድ ሞሪስ ሀንት የዋዛ ሰው አይደለም፤ የኒውዮርኩ የነፃነት ሐውልት የቆመበትን መሠረት የነደፈው እሱ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ያለው የማስተማሪያ አዳራሽ ግን ገና ሲከፈት ጀምሮ አላስተምርም አለ። መምህሩ አንድ ቃል ሲናገር ድምፁ ከአምስት ሰከንድ ተኩል በላይ አዳራሹ ውስጥ ሲንከራተት ይቆያል። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ሰው ስንት ቃል እንደሚናገር አስቡት። ያ ሁሉ እርስ በርሱ ተደራርቦ ተማሪው ጆሮ ሲደርስ የገበያ ሁካታ ነው የሚሆነው።

የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት መላ እንዲፈልግ ያዘዙት ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላውን የፊዚክስ ረዳት ፕሮፌሰር ዋላስ ክሌመንት ሳቢንን ነበር። እስከዚያ ዘመን ድረስ የአዳራሽ ድምፅ የዕድል ጉዳይ ነው። ይሠራል፣ ይከፈታል፣ ከዚያ ያማረም ያላማረም ይሆናል። ያላማረለት ጣሪያው ሥር ሽቦ ይወጥር ነበር፤ ሽቦው ድምፅ ይቆራርጣል ይባል ነበርና። የሚፈይደው ነገር ግን አልነበረም። ዛሬ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ ወገኖቼ፣ የሽቦው የልጅ ልጅ መሆኑን እወቁት።

ሳቢን የሠራው ሥራ በጣም ቀላል፣ ግን በጣም አድካሚ ነበር። አንድ የኦርጋን ቧንቧ ያስነፋል፤ ድንገት ያቆመዋል፤ ከዚያ ድምፁ ከጆሮው እስኪጠፋ ድረስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይመዘግባል። ማይክሮፎን የለም፣ መለኪያው ጆሮው ነው። ቀን ላይ የትራሙና የመንገዱ ጫጫታ ስለማያሠራው ሥራው ሁሉ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ፣ ሰውየው ከእኛው ወገን ነው ማለት ነው። እዚያው አቅራቢያ ሳንደርስ የሚባል ቲያትር ቤት አለ (ዛሬም አለ)፤ መቀመጫዎቹ ፍራሽ ነበራቸው። ሳቢንና ረዳቶቹ ሌሊት ፍራሾቹን እየተሸከሙ ወደ ፎግ ያመጣሉ፤ ጥቂት ያነጥፋሉ፣ ይለካሉ፤ ይጨምራሉ፣ ይለካሉ፤ ሳይነጋ መልሰው ቦታቸው ያደርሷቸዋል። በመጨረሻ አዳራሹን በፍራሽ ሲሸፍኑት ያ ከአምስት ሰከንድ ተኩል በላይ የነበረው ድምፅ ከአንድ ሰከንድ ብዙም ያልበለጠ ሆነ። አዳራሹ ያው ነው፣ ቧንቧውም ያው ነው። የተጨመረው ፍራሽ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በጣም ስለምወደው። ሳቢን በመሐል የለበሰው ልብስ ውጤቱን እንደሚያዛባው ደረሰበት። አንድ ሰው የለበሰው ካፖርትና ሱሪ ያን በሚያህል አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ይውጣል! እና ምን አደረገ? የደከመባቸውን ብዙ ልኬቶች ጥሎ፣ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ እየለበሰ እንደገና ለካ።

ከዚህ ልፋት የወጣው ቀመር ዛሬም በየትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩት ነው። ሳቢን እንዲህ አሰበ። ክፍት መስኮት ድምፅን ሙሉ በሙሉ ይውጣል፤ የወጣ ድምፅ አይመለስምና። ስለዚህ ማንኛውም ዕቃ «ስንት ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ያህላል?» ተብሎ ሊመዘን ይችላል። የክፍሉን ይዘት በሜትር ኪዩብ ወስዳችሁ በ0.161 ታባዛላችሁ፣ በዚያ የመስኮት ድምር ታካፍሉታላችሁ፤ የሚወጣው ድምፁ ሞቶ እስኪያልቅ የሚፈጀው ሰከንድ ነው።

በእኛ ሳሎን እንሞክረው። 4 ሜትር በ5 ሜትር፣ ከፍታው 2.7፤ ይዘቱ 54 ሜትር ኪዩብ። ባዶ ሳለ፣ ወለሉ ሴራሚክ ግድግዳው ልስን ከሆነ፣ በጠቅላላው 4 ካሬ ሜትር መስኮት ያህል ይውጣል እንበል። ድምፁ 2.2 ሰከንድ ገደማ ይቆያል ማለት ነው። አሁን 10 ካሬ ሜትር ወፍራም፣ እጥፋት ያለው መጋረጃ ስቀሉ፤ ግማሹን እንኳ ቢውጥ 5 ይጨመራል፣ ድምሩ 9 ሆነ። ሰከንዱ ወደ 1 ወረደ። ሶፋና ምንጣፍ ሌላ 5 ይጨምሩ፤ 0.6 አካባቢ ደረስን። ሌላ 5 ብትጨምሩ 0.46 ነው። አያችሁት? የመጀመሪያው ጨርቅ ከአንድ ሰከንድ በላይ ቀነሰላችሁ፤ ሦስተኛው ያን ያህሉን ጨርቅ አውጥታችሁበት ሩብ ሰከንድ እንኳ አልቀነሰም። ሳቢን ፎግ ውስጥ በፍራሽ ያየው ይህንኑ ነው። ባዶ ቤት ውስጥ ያለ ሰው በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ ያገኛል፤ ስቱዲዮ እናስመስለው ብሎ መክሰር ግን አያስፈልግም።

የሳቢን ቀመር ተግባር ላይ የዋለው ቦስተን ሲምፎኒ ሆል በሚባለው አዳራሽ ነው፤ ጥቅምት 15 ቀን 1900 ተከፈተ። የድምፁ ነገር ሳይሠራ በፊት በሳይንስ ስሌት የታሰበለት የመጀመሪያው ኮንሰርት አዳራሽ ይባላል፤ ዛሬም በዓለም ካሉት ምርጦች ተርታ ነው። ማታ ኮንሰርት ሲያልቅ ሀንቲንግተን ጎዳና ላይ ተሰልፈን የምንጠብቅ ሾፌሮች ስንቶቻችን ይህን እናውቃለን? ሙላቱ አስታጥቄ የተማረበት የበርክሊ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዛሬ ከአዳራሹ የእግር መንገድ ነው። ውስጡ ከገባችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። ግድግዳው ላይ 16 የግሪክና የሮም ሐውልት ቅጂዎች በየጉድባቸው ቆመዋል፤ ጣሪያውም ጎድጎድ እያለ የተሠራ ነው። ጌጥ ይመስላል፤ ግን ድምፅ ለስላሳ ግድግዳ መትቶ እንደ ኳስ በቀጥታ እንዳይመለስ ይበትነዋል። ቤታችን ሐውልት የለም፤ ትልቅና ትንሽ መጽሐፍ የተደረደረበት መደርደሪያ ግን በመጠኑ ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ። ሳቢን የተጠራው ለሙዚቃ አልነበረም። የሰው ንግግር አልሰማ ስላለ ነው። ለአማርኛ ሰሚ ደግሞ ይህ ነገር የበለጠ ይከብዳል ባይ ነኝ። ቋንቋችን በማጥበቅና በማላላት ትርጉም ይለውጣል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። «ይመታል» አንዴ መቺ ነው፣ አንዴ ተመቺ። ፊደላችን ይህን አይጽፈውም፤ ጆሮ ነው የሚለየው። ጆሮ የሚለየውስ በምንድን ነው? ተነባቢው ላይ በምትቆየው በአንዲት ቅጽበት ነው። «ይመታል» ውስጥ «ታ» ስትጠብቅ የምትሰማው አጭር ዝምታ ናት። የሚያስተጋባ ክፍል የሚያበላሸው በመጀመሪያ ይህችን ዝምታ ነው፤ የቀደመው ቃል ጭራ ገብቶ ይሞላታል። ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም፣ ኅብረ ቃሉ በጠበቀና በላላ ላይ የተንጠለጠለ ዘፈን፣ መስታወት ሳሎን ውስጥ ሰሙ ይደርሳችኋል፤ ወርቁ እዚያው ጣሪያው ሥር ይቀራል። ልጆቻችን «የአማርኛ ዘፈን ቃሉ አይገባንም» ሲሉ ሁሉም ጥፋት የእነሱ አይመስለኝም። ቋንቋውን በሚያድበሰብስ ክፍል ውስጥ ነው እያሰማናቸው ያለነው።

አገር ቤት ቴፑ ለምን ጥሩ ይሰማ ነበር የምትሉ አላችሁ። ናፍቆት ነው የሚል አለ፤ እኔ ግን ናፍቆት ብቻ ነው አልልም። የጭቃ ቤት ግድግዳ ወጣ ገባ ነው፤ ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዴ ነው፣ ከበላዩ ባዶ ቦታ አለ። የተወጠረ ጨርቅ ከኋላው አየር ሲኖረው ድምፅ ሲመታው አብሮ ይርገበገባል፣ ጉልበቱንም ይወስዳል። አልጋው ከነፍራሹ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው፣ ልብሱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ሰው ሞልቷል። ሳቢን ሌሊት ተሸክሞ ያመጣው ነገር ሁሉ እናታችን ቤት በነፃ ነበር።

ወደ ስቴሪዮ ልለፍ። ነገሩን ያሰበው አለን ብለምላይን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ፣ ተዋናዩ በስክሪኑ ቀኝ እየሄደ ድምፁ ከሌላ ቦታ መምጣቱ አናደደው ይባላል። በ1931 መጨረሻ የባለቤትነት ማመልከቻውን አስገባ። በሁለት ስፒከር መካከል፣ ምንም በሌለበት ባዶ ቦታ፣ ዘፋኙ የቆመ እንዲመስል ማድረግ ይቻላል አለ። እሱ ግን ስቴሪዮ ሸክላ በየቤቱ ሲገባ አላየም። በ1942 የጦር አውሮፕላን ራዳር ሲሞክሩ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ፤ ስቴሪዮ ሸክላ በሰፊው ገበያ የወጣው በ1958 ነው።

ስቴሪዮ ከመምጣቱ በፊት ሳሎን ይህን ያህል አያስቸግርም ነበር። አንድ ስፒከር ነው፣ ጥግ ታስገባዋለህ፣ አለቀ። እንዲያውም በ1940ዎቹ ፖል ክሊፕሽ የተባለ ሰው በአርካንሳስ፣ ሆፕ ከተማ (ክሊንተን የተወለዱባት) ጥግን ራሱን የስፒከሩ አካል ያደረገ ትልቅ ሣጥን ሠራ፤ ሁለቱ ግድግዳዎች እንደ ጡሩምባ አፍ ሆነው ቤዙን ያሰፉለታል። ዛሬም ጥግ ቤዝ ያሳብጣል፤ ክሊፕሽ ሆን ብሎ የተጠቀመበትን እኛ ሳናውቅ እንከሰርበታለን። ስቴሪዮ ሲመጣ ግን ሁለቱ ስፒከሮች አንድ ዓይነት ነገር አጠገባቸው እንዲኖር ግድ ሆነ። ግራው ጥግ ገብቶ ቀኙ ክፍት ኩሽና አጠገብ ከሆነ ግራው ያብጣል፣ ቀኙ ይሳሳል፣ ዘፋኙም ከመሐል ተነሥቶ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል።

ጀርመናዊው ሄልሙት ሀስ በ1949 ጎቲንገን ላይ ያቀረበው ጥናት ደግሞ ጆሮ እንዴት እንደሚወስን አሳየ። አንድ ድምፅ በቀጥታ ደርሶ፣ ነጸብራቁ ከ30 ሺሐኛ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ቢከተል፣ ጆሮ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ አቅጣጫውን ግን ከመጀመሪያው ይወስዳል። ለዚህ ነው ትንሽ ክፍል ውስጥ የገደል ማሚቶ የማንሰማው። ነጸብራቁ አለ፤ እንደ ጉድለት የሚሰማን ግን ድምፁ ሲጎረና ወይም ሲደበዝዝ ነው። ስለዚህ ሰው ክፍሉን ትቶ ስፒከሩን ይከሳል።

በ1954 እዚሁ ካምብሪጅ ኤድጋር ቪልቹር የታሸገ አየርን እንደ ምንጭ ሽቦ ተጠቅሞ፣ ከትንሽ ሣጥን ትልቅ ቤዝ የሚወጣበትን ስፒከር ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት ለጥሩ ቤዝ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ያስፈልግ ነበር። ከታች የሚኖረው ጎረቤት መከራም የጀመረው ያኔ ነው ልበል? እንግሊዞችን ተቃውሞ ታስሮ ከቤንጋል የተሰደደ ሰው ልጅ፣ የኤምአይቲው ፕሮፌሰር አማር ቦዝ ደግሞ በ1968 በተቃራኒው ሄደ። ከዘጠኙ የስፒከር አፎች ስምንቱን ወደ ግድግዳው አዞራቸው። ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ የሚሰማን አብዛኛው ድምፅ ተንጸባርቆ የመጣ ነው፣ ቤትም እንዲያ ይሁን ነበር ሐሳቡ። ስደተኛ ልጅ ስለሆነ ባዳላለት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ምንጣፍ፣ ሶፋና መጋረጃ በሞላው የዚያ ዘመን አሜሪካዊ ሳሎን ያማረው ሐሳብ፣ በመስታወትና በሴራሚክ መሐል ውኃ ላይ ውኃ መጨመር ነው።

ቤዝን ለብቻው ላንሳ፣ ጠብ የሚያመጣው እሱ ነውና። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሁለት ግድግዳ መካከል 4 ሜትር ከሆነ 43 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ልክ ገጥሞት ቆሞ ያጉረመርማል፤ 5 ሜትሩ በ34፣ የ2.7 ሜትሩ ከፍታ በ64 አካባቢ። እነዚህ ግድግዳው ዘንድ ይከመራሉ፤ ልክ መሐል ላይ ይጠፋሉ። ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ ስትቀመጡ ቤዙ የሚያፍናችሁ፣ መሐል ስትቆሙ የት ሄደ የምትሉት ለዚህ ነው። ክፍሉ አራት ማዕዘኑ እኩል ከሆነ ሁለቱ ማጉረምረሚያዎች አንድ ላይ ይወድቃሉና ይብሳል። ምንጣፍና መጋረጃ እዚህ ጋ አያድኑም፤ ሞገዱ ብዙ ሜትር ነው፣ ጨርቁ ግን ጣት አይሞላም። ጎረቤትንም አያድኑም። ጨርቅ ክፍሉ ውስጥ የሚመላለሰውን ድምፅ ይውጣል እንጂ በወለሉ አልፎ የሚሄደውን አያቆምም። ለጎረቤት መፍትሔው ስፒከሩን ከወለል አንሥቶ ጎማ ነገር ላይ ማስቀመጥ፣ ቤዙን መቀነስ፣ ደግሞም በዓል ሲሆን ዳቦ ይዞ ሄዶ ማንኳኳት ነው።

ለወዳጄ የነገርኩት ይኼ ነው። ስፒከር አትግዛ። ያሉህን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር አውጣ፣ ከጥግ አርቅ፤ ሁለቱና አንተ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሁኑ፤ ትንሿ አፍ በተቀመጥክበት ከጆሮህ ጋር ትስተካከል። ባለቤትህ መስታወት ይዛ በጎን ግድግዳው ላይ ቀስ ብላ ትሂድ፤ ከመቀመጫህ ሆነህ ስፒከሩን በመስታወቱ ውስጥ ያየህበት ቦታ የመጀመሪያው ነጸብራቅ የሚነሣበት ነው። እዚያ ላይ ሳጥን ውስጥ የተኛውን ቡሉኮ ስቀል፤ ከግድግዳው አራት ጣት አርቀህ ከሰቀልከው የበለጠ ይውጣል። ጋቢም ታጥፎ ይሆናል። ግድግዳ መብሳት የማይፈቅድ አከራይ ያላችሁ፣ ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን በሩን ከፍታችሁ ወደ ክፍሉ ማዞር ይበቃል። የዓረብ አገሮቹ ደግሞ ግድግዳ ተከትሎ የሚነጠፈውን የመጅሊስ ፍራሽ አትናቁት፤ ሳቢን ቢያየው ተሸክሞት ይሄድ ነበር። ከዚያ መሐል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ ቺር የሚል ነገር ከተከተለ ገና ነው (የላላው ገና)፤ ጠብ ብሎ ከቆመ ደርሳችኋል።

ለብቻው የቆመ የቤዝ ሣጥን ያላችሁ፣ ቦታ የሚመረጥለት እንዲህ ነው። ሣጥኑን እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አስቀምጡት፣ ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱ፣ ከዚያ በጉልበታችሁ እየዳሃችሁ ግድግዳውን ተከትላችሁ ክፍሉን ዙሩ። ቤዙ ሳያብጥ፣ ሳይጠፋም ጥርት ብሎ የተሰማችሁ ቦታ የሣጥኑ ቦታ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ አድርጉት፤ ቪዲዮ አንሥተው ለአያት ይልካሉ።